የመሪ ፓምፕና የዘይት ቋት አቀያየር፦ አዲሱ ፓምፕ በወሩ መጮህ እንዳይጀምር

የመሪ ፓምፕ (መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀለውን) አስቀይረው በወሩ ያው ጩኸት የተመለሰባቸው ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። እኔም የመጀመሪያውን ፓምፕ ያጠፋሁት እንዲሁ ነው። አዲስ ፓምፕ ገዝቼ ገጠምኩ፣ አሮጌውን የዘይት ቋት እንዳለ ተውኩት፣ ዘይት ሞላሁና ሞተር አስነሳሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መጮህ ጀመረ። ቋቱን ስፈታው ከታች ያለው ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ነበር፤ ፓምፑ ዘይት አጥቶ አየር ሲስብ ከርሟል።

ከዚያ ወዲህ ከእጄ ያለፉትን ፓምፖች አብዛኞቹን የገደላቸው ሦስት ነገር ነው፦ የተደፈነ ቋት፣ የቆሸሸ ዘይትና ውስጥ የቀረ አየር። ስለዚህ ይህ መመሪያ ፓምፑንና ቋቱን አንድ ላይ ያስቀይራችኋል፣ መስመሩን ያሳጥባችኋል፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊትም አየሩን ያስወጣችኋል። ከሦስቱ አንዱን መዝለል ያሰበ ሰው የፓምፑን ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል።

የጻፍኩት ኢ 110 የሚባለውን ቶዮታ ኮሮላ አስቤ ነው። ፓምፑ በቺንጊያ (ከሞተሩ ዙር በሚወስደው የጎማ ቀበቶ) ይዞራል፣ የዘይት ቋቱ ከፓምፑ ተለይቶ ለብቻው ተቀምጧል፣ በመካከላቸው የጎማ ቱቦ አለ። ይህን አቀማመጥ ያለው ሌላ መኪናም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ የቡሎኑ ቦታና የቁልፉ ቁጥር ብቻ ይለያያል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋቱን ለዩ

መጀመሪያ መሪያችሁ በዘይት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ኮፈኑን ክፈቱና ክዳኑ ላይ የመሪ ምልክት ያለበት ትንሽ ፕላስቲክ ቋት ፈልጉ። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ነው። አብዛኞቹ ቪትዝና ያሪሶች እንዲህ ናቸው፤ ፓምፕም የመሪ ዘይትም የላቸውም፣ ይህ መመሪያም አይመለከታቸውም።

ካለ እነዚህን በቅደም ተከተል እዩ።

1. የፊት ጎማዎችን ንፋስ አስለኩ። ንፋስ የጎደለው ጎማ መሪ ያከብዳል። ለዚህ ብለው ፓምፕ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

2. የዘይቱን መጠንና ቀለም እዩ። ጤነኛ ዘይት ቀይና የጠራ ነው። ጥቁር ሆኖ የመቃጠል ሽታ ካለው አርጅቷል። ሐምራዊ አረፋ ከሆነ አየር እየገባበት ነው። በጣት ሲፈተሽ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለበት ፓምፑ ውስጡን እየበላ ነው፤ ያን ጊዜ የመስመር ማጠቡ ሥራ ይጨምራል።

3. ቺንጊያውን እዩ። በሁለቱ ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ዘይት ከነካው መሪ ሲታጠፍ የሚሰማው ቀጭን ጩኸት የቺንጊያው ነው። የፓምፕ ድምፅ ወፍራም ነው፤ እንደ ማቃሰት ይሰማል፣ መሪ ሲዞር ይብሳል።

4. መሪው የሚከብደው በሁለቱም በኩል ነው ወይስ በአንድ? ወደ ቀኝም ወደ ግራም በተለይ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ላይ ከከበደ ፓምፑን ጠርጥሩ። ወደ አንድ በኩል ብቻ ከከበደ ጥፋቱ ወደ መሪው ሳጥን (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ ወደሚያስተላልፈው ክፍል) ያደላል፤ ፓምፕ መቀየር አያድነውም።

5. ፍሳሹን በጨርቅ ጠርጋችሁ ከየት እንደሚመጣ ተከተሉ። ከፑሌጃው ኋላ የሚፈስ ከሆነ የፓምፑ ዘንግ ጎማ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) አልቋል። ከቱቦ ጫፍ የሚፈስ ከሆነ ግን ምናልባት አንድ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

6. ዘይቱ እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ የማይታይ ከሆነ አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ላይ ፓምፑ ጀርባ ሁለት ቀጫጭን የአየር ቱቦ ያለው ትንሽ ቫልቭ ተገጥሟል፤ መሪ ሲታጠፍ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ይህ ቫልቭ ሲያልቅ የመሪ ዘይት በቀጭኑ ቱቦ ወደ ሞተር ይሳባል፣ ጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ ይተፋል። ብዙ ሰው ሞተሩ አልቋል ብሎ ይደነግጣል። ቀጭኑን ቱቦ ንቀሉት፤ ውስጡ ቀይ ዘይት ካገኛችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

የምትገዙት ዕቃ

ፓምፑ። አሮጌውን ሳትፈቱ ለግዢ አትውጡ። ካልሆነም ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስታችሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ዓይነት ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ዓይነት መኪና በሞተሩ ምክንያት የተለያየ ፓምፕ ሊኖረው ይችላል። ያገለገለ ፓምፕ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስታገኙ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ ፑሌጃውን በእጅ ስታዞሩት ሳይንገጫገጭ ለስልሶ ይዙር፤ ዘንጉን ወደ ጎን ስትወዘውዙት አይነቃነቅ፤ የቱቦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ዝገት አይታይ። ውጭው ታጥቦ የሚያበራ ፓምፕ አያታልላችሁ፤ ዝገቱ የሚገኘው ከውስጥ ነው፣ ክፍቱን ሲቀመጥ ውሃ ስለሚገባበት።

«ጉልበቱ ይበልጣል» ተብሎ የሌላ መኪና ፓምፕ ሲቀርብላችሁ እንቢ በሉ። በብዙ መኪኖች የፓምፑ ከፍተኛ ግፊት ከ60 እስከ 80 ባር ባለው ውስጥ ነው፤ የመሪው ሳጥን ጎማዎችም ለዚያ ተሠርተዋል። ከዚያ በላይ የሚገፋ ፓምፕ መሪውን ለጥቂት ቀን ያቀለዋል፣ ከዚያ የሳጥኑን ጎማ ያፈነዳዋል። ማሻሻል የሚቻለው ቋቱ፣ ማጣሪያውና ቱቦው ላይ ነው። ፓምፑ ለመኪናው የተሠራው ይሁን።

ቋቱ። ብዙ ቋቶች ከታች የተጣበቀ ወንፊት አላቸው። በአሮጌ ቋት ውስጥ ወንፊቱ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም፣ ፕላስቲኩም ከሙቀት ብዛት ስለሚደርቅ ቱቦ ስትነቅሉ አፉ ይሰበራል። ስለዚህ አዲስ ግዙ። ከመጀመሪያው ትንሽ ተለቅ ያለ መግጠም ይቻላል፤ ዘይቱ ለመቀዝቀዝና አየሩን ለመልቀቅ ጊዜ ያገኛል። ነገር ግን እነዚህን ሳታዩ አትግዙ፦

– ወፍራሙ አፍ (ወደ ፓምፕ የሚሄደው) እና ቀጭኑ አፍ (ከመሪ ሳጥን የሚመለሰው) ከቱቦዎቻችሁ ስፋት ጋር ይግጠም። በፋሼታ እናጠብቀዋለን የሚለው ምክር አየር ያስገባል።
– የሚመለሰው ዘይት ከዘይቱ ወለል በታች የሚገባ ይሁን። ከላይ እንደ ቧንቧ የሚንዠቀዠቅ ከሆነ አረፋ ይሠራል።
– ክዳኑ አየር የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው።
– ስትሰቅሉት ከፓምፑ መግቢያ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ይሁን።

ዘይቱ። ለዚህ ኮሮላና ለብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች የሚሆነው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ሲስተሙ ራሱ ከ1 ሊትር ብዙም አይወስድም፤ ለማጠብ ጭምር ግን 3 ሊትር ያዙ። ሆንዳ የራሱ የመሪ ዘይት አለው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች አረንጓዴ ዘይት ይጠቀማሉ። እነዚህን ከቀዩ ጋር አትቀላቅሉ፤ የክዳኑን ጽሑፍ ወይም የመኪናውን መጽሐፍ እዩ።

የፍሬን ዘይት በመሪ ቋት ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ አትጨምሩ። የሲስተሙን ጎማዎች ያሳብጣል፣ ከዚያ ፓምፑም የመሪው ሳጥንም አንድ ላይ ማፍሰስ ይጀምራሉ። በስህተት ከገባ ሞተር አታስነሱ፤ መጀመሪያ ቋቱን አጽዱ፣ መስመሩን ሙሉ በሙሉ እጠቡ።

ቱቦና ትናንሽ ዕቃዎች። ከቋት ወደ ፓምፕ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦና የመመለሻውን ቱቦ አብራችሁ ቀይሩ። ዘይት የሚችል ጎማ ይሁን፤ የራዲያተር ውሃ ቱቦ በዘይት ያብጥና ከውስጥ እየተላጠ ወንፊቱን ይደፍናል። የከፍተኛ ግፊት ቱቦው ጫፍ ላይ የሚቀመጡትን ሁለት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላዎች (ጠፍጣፋ ቀለበቶች) አዲስ ግዙ። ዋጋቸው ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ነው፤ ግን አሮጌውን መልሶ የገጠመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ይደግማል።

ማጣሪያ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው በመመለሻው ቱቦ ላይ ብቻ ይግጠም። በወፍራሙ ቱቦ ላይ ማጣሪያ ማስገባት የፓምፑን ጉሮሮ ማነቅ ነው።

መሣሪያ

12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ቁልፍና ቡሶላ (የቡሎኑን ራስ ሙሉ በሙሉ የሚያቅፍ ቁልፍ)፣ ለባትሪው 10 ቁጥር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ሁለት ካባሌቶ (መኪናውን ተሸክሞ የሚቆም ድጋፍ)፣ ትልቅ ስሪንጅ ወይም መሳቢያ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ፣ ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ብዙ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የዐይን መከላከያ። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ካላችሁ ይጠቅማል።

አንድ ረዳት ፈልጉ። ደረጃ 7 እና 8 ላይ አንዱ መሪ ያዞራል፣ አንዱ ዘይት ይጠብቃል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ቋቱ የሚደርቅበትን ቅጽበት ያመልጠዋል።

ደረጃ 1፦ መኪናውን አዘጋጁ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከጉዞ እንደተመለሳችሁ አትጀምሩ፤ ፓምፑ አጠገብ ያለው ብረትም ዘይቱም ያቃጥላል።

1. ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አግዱ።
2. የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ።
3. ፊቱን በክሪክ አንሱና ሁለቱንም ጎን በካባሌቶ አስቀምጡ። ክሪክ ብቻውን መኪና አይሸከምም። ከሥሩ ለመግባት ባታስቡም ካባሌቶ ይግባ፤ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስታዞሩ መኪናው ይነቃነቃል።
4. ዲናሞውን በፌስታል ሸፍኑ። ዘይት የገባበት ዲናሞ ወዲያው ባይበላሽም ብዙ አይቆይም።

ደረጃ 2፦ አሮጌውን ዘይት አውጡ

ቋቱ ውስጥ ያለውን በስሪንጅ ስባችሁ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ ቀጭኑን የመመለሻ ቱቦ ከቋቱ ንቀሉ፣ ጫፉን ወደ ሃይላንዱ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት አራት ጊዜ አዙሩ። ሞተር ጠፍቶ ነው። ቁልፉን መሪው ከመቆለፍ እስኪለቅ ድረስ ብቻ አዙሩት።

ቱቦው አልነቀል ካለ አትጎትቱት፤ በፒንሳ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙና ዙሪያውን አዙሩ፣ መጣበቁ ሲላቀቅ ይወጣል። እምቢ ካለ በቢላ በርዝመቱ ቅደዱት፤ ለነገሩ አዲስ ገዝታችኋል።

የወጣውን ዘይት መሬት ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አታፍስሱ። ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ።

ደረጃ 3፦ አሮጌውን ፓምፕ ፍቱ

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው።

1. መጀመሪያ፣ ቺንጊያው እንደተወጠረ ሳለ፣ የፑሌጃውን መሃል ዳዶ አላሉት። ቺንጊያው ፑሌጃውን ይዞላችኋል። ቺንጊያ ከወጣ በኋላ ፑሌጃው አብሮ ስለሚዞር ዳዶውን ማላላት ራስ ምታት ይሆናል። አዲሱ ፓምፕ ከነፑሌጃው ከመጣ ይህን ዝለሉት።
2. ከዚያ የከፍተኛ ግፊት ቱቦውን ጫፍ የያዘውን፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ቡሎን አላሉት፤ ገና አታውጡት። ፓምፑ በመኪናው ላይ ጠብቆ ሳለ ነው መላላት ያለበት።
3. የማወጠሪያውን ቡሎን አላሉ፣ ፓምፑን ወደ ሞተሩ ግፉ፣ ቺንጊያውን አውጡ።
4. ከታች ጨርቅ አድርጋችሁ ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ሁለቱን ሮንዴላ ቁጠሩ። አንዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲስ ከተደረበበት መፍሰሱ አይቀርም።
5. ወፍራሙን ቱቦ ንቀሉ። ካለ የግፊት ስዊቹን ሶኬት ወይም ሁለቱን ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ምልክት አድርጋችሁ ንቀሉ።
6. የማሰሪያ ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ፓምፑን አውጡ። የትኛው ቡሎን ከየት እንደወጣ እንዳይጠፋባችሁ ካርቶን ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ይለያያል።

የግፊቱ ቡሎን ካልላላ ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። በክፍት ቁልፍ አትታገሉት፤ ጠርዙ ከተበላ ማውጫ የለውም። በቡሶላ ወይም በዝግ ቁልፍ ብቻ። የቱቦውን ብረት በሌላ እጅ ደግፉ፤ ቡሎኑ ሲዞር ብረቱ አብሮ ከተጠማዘዘ ይሰነጠቃል፣ የግፊት ቱቦ ደግሞ ውድ ነው።

ደረጃ 4፦ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጡ

የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የግፊቱ ቀዳዳ ጥርስ፣ የመግቢያው አፍ አቅጣጫ፣ የፑሌጃው ጥልቀት አንድ መሆን አለበት። ፑሌጃው 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከወጣ ቺንጊያው ጠርዙን እየበላ ይሄዳል። ልዩነት ካያችሁ አትግጠሙ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ መልሱት። ዘይት የነካውን ሻጭ አይቀበልም።

በአዲሱ ፓምፕ ቀዳዳዎች ላይ ያለውን የፕላስቲክ መድፈኛ አውጡ። ይህን ረስተው ገጥመው «አዲሱ ፓምፕ አይሠራም» ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፑሌጃውን ስታዛውሩ በመዶሻ አትምቱት። የዘንጉ ምት በቀጥታ የፓምፑን ውስጥ ይጎዳል። በእጅ ገብቶ በዳዶ የሚታሰር ነው፤ በዘንጉና በፑሌጃው መካከል ያለችውን ትንሽ ብረት ግን እንዳትጥሏት። ፑሌጃው በጉልበት የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ማውጫና መግጠሚያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ውሰዱት።

ደረጃ 5፦ አጠጥታችሁ ግጠሙ

ደረቅ ፓምፕ አትግጠሙ። በመግቢያው አፍ ንጹሕ ዘይት አፍስሱና ዘንጉን በእጅ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩ። በሌላው ቀዳዳ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙ። አዲስ ፓምፕ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ውስጥ ደርቆ ከዞረ ከውስጡ ይቧጨራል፤ ያ ጭረት ከዚያ በኋላ አይድንም።

ፓምፑን በቦታው አስቀምጡ፣ ማሰሪያዎቹን በእጅ ብቻ ያዙ። የግፊቱን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ፣ አንዱ ከጫፉ በላይ አንዱ ከጫፉ በታች፣ መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። ቢያንስ ሦስት ዙር በጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ ጥርሱ ተጣሟል፣ አውጡና እንደገና ጀምሩ። ቱቦው የትም ሳይነካ መቀመጡን አይታችሁ አጥብቁ። በብዙ ቶዮታ ላይ ጥብቀቱ ወደ 50 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእናንተን መኪና መጽሐፍ ተከተሉ። ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው ሮንዴላው ሲጨመቅ እጁ ላይ የሚሰማውን ልስላሴ አልፎ ሲደድር ያቁም። ከዚያ በላይ መጎተት የፓምፑን ጥርስ ይበላዋል።

ቺንጊያውን አስገቡ፣ ወጥሩ፣ የፓምፑን ማሰሪያዎች አጥብቁ፣ በመጨረሻም የፑሌጃውን ዳዶ።

ደረጃ 6፦ ቋቱ

አዲሱን ቋት ከመስቀላችሁ በፊት ውስጡን በንጹሕ የመሪ ዘይት አለቅልቁ። ከፋብሪካ የቀረ የፕላስቲክ ብናኝ አንዳንዴ ይገኛል። ወፍራሙ ቱቦ ሳይታጠፍ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ አጭር በሆነ መንገድ ወደ ፓምፑ ይሂድ። ፋሼታው ከቱቦው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአፉ ጉብታ ኋላ ይታሰር። እዚህ ላይ የላላ ፋሼታ ዘይት ላያፈስ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል፣ እናንተም ሳምንት ሙሉ ጩኸቱ ከየት እንደመጣ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

የመመለሻውን ቱቦ ገና አታገናኙ። በቋቱ ቀጭን አፍ ላይ መድፈኛ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ መስመሩን እጠቡ

የመመለሻውን ቱቦ ጫፍ በሚያሳየው ቱቦ አስረዝማችሁ ወደ ሃይላንድ አስገቡ። ቋቱን ሙሉ። ረዳታችሁ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ መሪውን ቀስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙር። እናንተ ቋቱ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ዘይት ጨምሩ። በሚያሳየው ቱቦ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቡናማው፣ ከዚያ ቀዩ ይመጣል። ቀይ ሆኖ እስኪጠራ ድረስ አታቁሙ፤ 2 ሊትር ያህል ይወስዳል።

አንዳንዶች ሞተር አስነስተው ያጥባሉ። እኔ አልመክርም። ፓምፑ ቋቱን በጥቂት ሴኮንድ ባዶ ያደርገዋል፣ አዲሱ ፓምፕም ደርቆ ይዞራል።

በአሮጌው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ካያችሁ ማጠቡን ሌላ አንድ ሊትር ጨምሩ፣ በመመለሻው ላይም ማጣሪያ ግጠሙ። ብናኙ መሪው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይቆይና ቆይቶ ይመለሳል።

ሲጠራ መድፈኛውን አውጥታችሁ ቱቦውን ከቋቱ ጋር አገናኙ።

ደረጃ 8፦ አየሩን አስወጡ

ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ባትሪውን ገና አታገናኙ፤ ሰው በጉጉት ቁልፍ እንዳያዞር ይከለክላል።

1. ቋቱን ለቀዘቀዘ ዘይት እስከተደረገው መስመር ሙሉ፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት።
2. ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ፣ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ጊዜ አዙሩ። ጫፍ ላይ አትጫኑ።
3. በየአምስቱ ዙር አቁማችሁ ቋቱን እዩ። አረፋ ይወጣል፣ ዘይቱም ይወርዳል፤ ጨምሩ።
4. አረፋ መውጣት ሲያቆም 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ዙር።
5. ባትሪውን አገናኙ፣ ሞተር አስነሱ፣ ሚኒሞ ላይ ተዉት። ነዳጅ አትስጡ። ወዲያው ከባድ ጩኸት ከተሰማ ወይም ዘይቱ ከቋቱ ጠፍቶ ከወረደ አጥፉ፣ ሙሉ፣ ከ2ኛው ጀምሩ።
6. ከተረጋጋ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ። ጫፍ ላይ ከ5 ሴኮንድ በላይ አትያዙ። እዚያ ሲያዝ ፓምፑ በሙሉ ግፊት ይሠራል፣ ዘይቱም ይግላል።

ሞተር እየሠራ ፍሳሽ በእጅ አትፈልጉ። በዚህ ግፊት ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ትንሽ ቁስል ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ወረቀት ወይም ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ።

ደረጃ 9፦ ልኩን ፈትሹ

መኪናውን አውርዱ። በሰፈር ውስጥ አንድ ሩብ ሰዓት ንዱ፣ ዘይቱ ይሙቅ። ከዚያ ሚኒሞ ላይ የዘይቱን ወለል ምልክት አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እንደገና እዩ። ሲጠፋ ከፍ ብሎ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ ውስጥ አየር አለ፤ ግፊት ሲኖር የተጨመቀው አየር ሲለቀቅ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።

ቋቱ ላይ ሁለት መስመር አለ፦ አንዱ ለቀዘቀዘ ዘይት፣ አንዱ ለሞቀ። በቀዝቃዛው ጊዜ እስከ ሞቀው መስመር የሞላ ሰው ዘይቱ ሲሞቅ በክዳኑ በኩል ይተፋበታል፣ ከዚያ «አዲሱ ቋት ያፈሳል» ይላል።

ሳይሳካ ሲቀር

አየር ካስወጣችሁ በኋላም ጩኸቱ ካለ፦ ወፍራሙን ቱቦ ሁለቱንም ጫፍ እዩ። በፋሼታው ዙሪያ ዘይት ቀቡበት፤ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ከተቀየረ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ቱቦው ከውስጥ ተጣምሞ የሚታጠፍበት ቦታም ካለ አስተካክሉ።

መሪው መኪናው ሲቆም ከባድ፣ ሲሄድ ቀላል ከሆነ፦ ቺንጊያው ላልቷል ወይም ዘይት ነክቶት ይንሸራተታል። ዘይት የጠጣ ቺንጊያ ታጥቦ አይድንም፤ ቀይሩት።

ወደ ቀኝና ግራ ሲታጠፍ ሞተሩ ሊጠፋ ካለ፦ የግፊት ስዊቹን ሶኬት ወይም ቀጫጭን የአየር ቱቦዎቹን ረስታችኋል፣ ወይም አቀያይራችኋል።

የግፊቱ ቡሎን ላይ ቢያፈስ፦ ሞተሩን አጥፉ፣ ፈትታችሁ ሮንዴላዎቹን እዩ። አንዱ ሁለት ተደርቦ፣ ወይም ተጣሞ ተቀምጧል። እየሠራ እያለ በማጥበቅ አታስተካክሉት፣ ፍሳሽ ማቆሚያ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንም አታስገቡ። ጎማውን ለጊዜው ያሳብጣል፣ ቆይቶ ያለሰልሰዋል።

ዘይቱ በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ከጠቆረ፦ መስመሩ በበቂ አልታጠበም፣ ወይም አሮጌው የጎማ ቱቦ ከውስጥ እየተፈታ ነው። ደረጃ 7ን ድገሙ፣ ቱቦውን ቀይሩ።

ከሥራው በኋላ

በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መጠኑን እዩ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሁሉንም ፋሼታ በካቻቢቴ ፈትሹ፤ አዲስ ጎማ ከሞቀ በኋላ ይሰጥማል፣ ፋሼታውም ይላላል። ቺንጊያውንም እንደገና ለኩ፤ አዲስ ከሆነ መወጠሩን ይቀንሳል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የዘይቱን ቀለም በነጭ ጨርቅ እዩ። ቀይ ከሆነ ተዉት። ቡናማ ከሆነ ቋቱ ውስጥ ያለውን ብቻ በስሪንጅ አውጥታችሁ በአዲስ ተኩት።